ከቤት የማትወጣ ድመት ፀጉሯ ለምን ይሳሳል? ከደሴ ለተጠየቀ ጥያቄ የእንስሳት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዳማ የምትባል የ3 ዓመት ድመት አለችኝ፣ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ሁለት ወር ሊሆናት ነው ወገቧ ላይ ወደ ጭራዋ አካባቢ ፀጉሯ እየሳሳ ሄደ፣ ሆዷም ሊራቆት ትንሽ ነው የቀረው፣ አንገቷን ስዳብሳት እንደ አሸዋ የሚሻክር ቅርፊት አለው። ስታክ ግን አላየኋትም። ፋርማሲ ጠይቄ ጭርት ነው ብለው ዊትፊልድ ቅባት ሰጡኝ፣ ትናንትናና ከትናንት ወዲያ ቀባኋት፣ ለሀጯ መዝረብረብ ሲጀምር ተውኩት። ሌላ ሰው ቢቢኤል ቀቢያት አለኝ፣ ጎረቤቴ ደግሞ የበጉን አይቨርሜክቲን ትወጋ ይላል። የ6 ዓመት ልጄ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ የሚያሳክክ ቀያይ ነገር ወጥቶበታል፣ አማቴም በዚሁ ምክንያት ድመቷ ትጣል እያሉ ነው። ቁንጫ እንዳልል ከቤት አትወጣም፣ ውላ የምታድረው እናቴ ከአቅስታ የላከችልኝ አጎዛ ላይ ነው። ምግቧ እኛ የምንበላው ነው፣ እንጀራ በወጥ። ምን ላድርግ?»

እህቴ አብሽሪ። ዳማን ከቤት የሚያስጥል ነገር አላየሁም፣ ከነገርሽኝ ምልክት በጣም የምጠረጥረው ነገርም የሚድን ነው። ግን ወደ በሽታው ከመግባቴ በፊት ዛሬውኑ የምታደርጊውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አሁን ከቆዳዋ ይልቅ የሚያሳስበኝ የተቀባችው ነገር ነው።

ዊትፊልዱን ያቆምሽው ልክ ነው፣ በዛው ይቅር። ቢቢኤሉንም ገዝተሽ ከሆነ እንዳትነኪው። ዊትፊልድ ማለት ቤንዞይክ አሲድና ሳሊሲሊክ አሲድ የተቀላቀለበት ቅባት ነው፣ ሳሊሲሊኩ የአስፕሪን ዘመድ ነው። ሰው ላይ ለጭርት ሲሰራበት የኖረ መድሀኒት ነው፣ ድመት ግን ሁለቱንም ከሰውነቷ ቶሎ ማስወጣት አትችልም። የኛ ጉበት መድሀኒትን አርክሶ በሽንት የሚያስወጣበት አንድ ትልቅ መንገድ አለ፣ ድመት ላይ ያ መንገድ በጣም ደካማ ነው፣ ስለዚ ለኛ በሰዓታት የሚወጣው ነገር እሷ ውስጥ ቀናት ይቆይና ይጠራቀማል። ቢቢኤልም ቤንዚል ቤንዞኤት ነው፣ ሰውነቷ ውስጥ ሲገባ ወደዛው ወደ ቤንዞይክ አሲድ ነው የሚቀየረው። ፓራሲታሞልም በዚሁ ምክንያት ነው ድመት የሚገድለው፣ አንዷ የ500 ሚሊግራም ክኒን ትበቃለች፣ አሞኛል ብሎ ለራሱ የገዛውን ለድመቱ ቆርሶ የሰጠ ስንት ሰው አለ መሰለሽ።

ሁለተኛው ነገር ምላሷ ነው። ድመት እጅሽን ስትልስሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክርሽ ምላሷ ላይ ወደ ኋላ የታጠፉ ጥቃቅን እሾህ መሰል ነገሮች ስላሉ ነው፣ በዛ ፀጉሯን ስታበጥር ነው የምትውለው፣ ያበጠረችውን ደግሞ አትተፋውም ትውጠዋለች። በግ ላይ ብትቀቢ ቆዳው ላይ ይቀራል፣ ድመት ላይ የምትቀቢው ነገር ግን ድመቷ የምትበላው ነገር ነው ብለሽ ያዢው። ለሀጯ የተዝረበረበው ቅባቱን ልሳው ነው።

ስለዚ ዛሬ ፀሀይ ባለበት ሰዓት ለብ ባለ ውሃና ትንሽ ላርጎ የቀባሽበትን ቦታ ብቻ እሺ፣ ቅባት ስለሆነ በባዶ ውሃ አይለቅም፣ በደንብ አለቅልቂው፣ የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ በፎጣ አድርቀሽ በጋቢ ጠቅልለሽ ያዢያት። ለማስመለስ አትሞክሪ፣ ወተት መርዝ ያረክሳል የሚባለውንም ተይው። እስከ ሦስት ቀን ተከታተያት። ካስመለሳት፣ ምግብ እምቢ ካለች፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች ወይ ስትራመድ ከተንገዳገደች ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ደህና ሆና ከበላችና ከተጫወተች፣ ሁለቴ በመቀባት ያለፈ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቆዳዋ። ስታክ አላየኋትም ያልሽው ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር ነው። ውሻ ሲያሳክከው በእግሩ ሲፎክት ቤቱ ይናወጣል፣ ድመት ግን ማሳከኳን በምላሷ ነው የምትወጣው፣ ያውም ሰው ሲተኛ ወይ አልጋ ስር ገብታ። አይተሽም ቢሆን ንፁህ ናት ሰውነቷን እያፀዳች ነው ብለሽ ነው የምታልፊው። ለማወቅ እንዲህ አድርጊ፣ የሳሳው ቦታ ላይ ጣትሽን ከጭራዋ ወደ ጭንቅላቷ አቅጣጫ በተቃራኒው ሂጂበት። ሁለት ቀን ሳይላጭ እንዳደረ ጢም ከቆረቆረሽ ፀጉሩ አልረገፈም፣ በምላስ ተቆርጦ ነው። ለስላሳ ባዶ ቆዳ ከሆነ ወይም በዙሪያው ያለውን ፀጉር ትንሽ ሳብ ስታደርጊው ከነሥሩ እሺ ብሎ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው፣ ያኔ ወደ ጭርትና ወደ ሌሎቹ እናስባለን። የምትጸዳዳበት አሸዋ ላይም ተመልከች፣ አይነምድሯ ፀጉር የበዛበት ከሆነ ሌሊቱን ስትልስ ነው የምታድረው ማለት ነው።

ወገብና የጭራ ሥር፣ ሆድ፣ አንገት ላይ ደግሞ እንደ አሸዋ የሚሻክር ቅርፊት፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ እኔ መጀመሪያ የማስበው የቁንጫ አለርጂ ነው። ከቤት አትወጣም አልሽ፣ ገብቶኛል፣ ግን አንቺ ትወጫለሽ፣ ልጅሽ ይወጣል፣ አይጥም ፎቅ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ጥያቄሽ መሀል ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነገር አለ፣ አጎዛው።

እኔ ሥራዬ ባብዛኛው በግና ከብት ነው፣ ለጋምቦ፣ ተንታ፣ ወረኢሉ ያለውን በግ እጄን እንደማውቀው አውቀዋለሁ፣ እና የድመት ቁንጫ የሚባለው ዝርያ ስሙ ነው እንጂ ድመት ብቻ ላይ አይኖርም፣ እዚህ አገር በግና ፍየልም ላይ ሞልቷል። በጎቹ ከሰው ጋር አንድ ጣራ ስር በሚያድሩበት ቤት ውስጥ ወለል ላይ የተነጠፈ አጎዛ ለቁንጫ ልጆች ከዚህ የተሻለ ማደጊያ የለም፣ ሞቃት ነው፣ ጨለማ ነው፣ ፀጉሩ መሀል አቧራና ፍርፋሪ አለ። ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ አንድ ቤት እንደ ዳማ ያለች ድመት አይቼ፣ ሴትየዋ እኔ ቤት ቁንጫ የለም ብለው ቢምሉ ድመቷ የምትተኛበትን አጎዛ አምጡልኝ አልኳቸው፣ ነጭ አንሶላ ግቢ ውስጥ አንጥፈን አጎዛውን በዱላ መታ መታ አደረግነው። የወረደውን ቁጢጥ ብለን አየነው። እንደ ጨው ደቃቅ የሆነ ነጭ ነገር አለ፣ እሱ እንቁላሉ ነው፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ነገር አለ፣ እሱ ኩሱ ነው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ከክር ቁራጭ የማይበልጡ ነጣ ያሉ ትሎች ከፀሀዩ ለመሸሽ ይጥመለመላሉ። የሚዘል ቁንጫ አንድም አላየንም! ሴትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። ምን መሰለሽ፣ ቤት ውስጥ ካለው ቁንጫ ድመቷ ላይ ሆኖ የሚታየው ትልልቁ በጣም ጥቂቱ ነው፣ የሚበዛው እንቁላል፣ ትልና ሙሽሬ (ትሉ ቁንጫ ከመሆኑ በፊት ራሱን ጠቅልሎ የሚቆይበት ደረጃ) ሆኖ ምንጣፉ፣ አልጋው፣ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው።

አንቺም በቤትሽ ፈትሺ። ከልጅሽ ደብተር ነጭ ወረቀት ቅደጂና ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ ዳማን ላዩ ላይ አቁሚያት። ጥርሱ የጠበበ የቅማል ማበጠሪያ ያዢ፣ ከወገቧ እስከ ጭራዋ ሥር ቆዳዋን እያስነካሽ ቀስ ብለሽ አበጥሪያት፣ የሚወርደውን ጥቁር ድቃቂ በረጠበ ጥጥ ጫን አድርጊው። አፈር ከሆነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን ዙሪያውን ቀይ ቡናማ ቀለም ይለቃል፣ ምክንያቱም የተፈጨ የዳማ ደም ነው። ይሄን ካየሽ ክርክሩ አበቃ። ምንም ባይወርድስ? ያኔም ቁንጫ የለም አልልሽም፣ አለርጂ ያለባት ድመት ላይ ችግሩ የቁንጫው ብዛት ሳይሆን ምራቁ ነው፣ አንድ ሁለት ንክሻ ለቀናት ያሳክካታል፣ እሷ ደግሞ ስትልስ ቁንጫውንም ኩሱንም ጠራርጋ ትውጠዋለች፣ ማስረጃውን ራሷ ታጠፋዋለች። ስለዚ እኔ እንዲህ አይነት ምልክት ያላትን ድመት ቁንጫ ባላገኝባትም ለቁንጫ አክሜ ውጤቱን ሳላይ ወደ ሌላ ምርመራ አልሄድም። በነገራችን ላይ ፊንጢጣዋ አካባቢ ወይ መኝታዋ ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካየሽ እሱ ከቁንጫ የሚመጣ የኮሶ ትል አይነት ነው፣ ቁንጫውን ስትውጥ ነው የሚይዛት፣ በፕራዚኳንቴል ይድናል።

ሕክምናው ለሷና ለቤቱ ባንድ ቀን መጀመር አለበት። ለሷ ማጅራቷ ላይ፣ ምላሷ በማይደርስበት ቦታ ፀጉሯን ገለጥ አድርገሽ ቆዳው ላይ የምታንጠባጥቢው መድሀኒት ነው፣ ፊፕሮኒል ወይም ሴላሜክቲን ያለበት። ደሴ ካጣሽው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል። ሳጥኑ ላይ ለድመት ተብሎ የተፃፈበት፣ ኪሎዋም የተጠቀሰበት ይሁን። የውሻ ገዝተሽ ለሁለት ከፍለሽ እንዳትሰጫት፣ ብዙዎቹ የውሻ መድሀኒቶች ፐርሜትሪን አለባቸው፣ ፐርሜትሪን ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ያንዘፈዝፋል፣ ይገድላል፣ ምክንያቱ ያው የነገርኩሽ ጉበት ነው። በወር በወሩ ቢያንስ ሦስት ወር ስጫት። አንድ ወር ሰጥተሽ ተሻላት ብለሽ ካቆምሽ ይመለሳል፣ እና መድሀኒቱ አይሰራም ትያለሽ፣ መድሀኒቱ ግን ሰርቷል፣ ወለሉ ውስጥ የቀረው ሙሽሬ ነው የፈለፈለው። ሙሽሬው ድር ሰርቶ ውስጡ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ ፍሊትም አያገኘውም፣ ለወራት ይቆይና የሰው እርምጃ ንዝረት፣ ሙቀትና ትንፋሽ ሲሰማው ይወጣል፣ ለዛ ነው ተዘግቶ የቆየ ቤት ሲከፈት ቁንጫ የሚወረን።

አጎዛውን ዛሬ አውጪው። ከናትሽ የመጣ ስለሆነ መጣል እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፣ ከቻልሽ ግን ይቅርብሽ፣ ካልቻልሽ ከቤት ርቆ ጠራራ ፀሀይ ላይ ደጋግመሽ አራግፊው፣ ሦስቱ ወር እስኪያልፍም ወደ ክፍሉ አትመልሽው። ለዳማ በቀላሉ የሚታጠብ ጨርቅ አንጥፊላት፣ ያንን ጨርቅና የልጅሽን አንሶላ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ እጠቢ። ምንጣፍና ሰጋጃ ካለ ፀሀይ ላይ አውጪ፣ አልጋ ስርና የግድግዳ ጥጋጥግ ጠርገሽ ጥራጊውን በላስቲክ አስረሽ እዛው ቀን ከቤት ውጪ ጣይ። ወለሉን ፍሊት መንፋት ካስፈለገ ዳማ ሌላ ክፍል ትቆለፍ፣ መስኮት ተከፍቶ ወለሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ ለሰዓታት አትግባ፣ እርጥብ ፍሊት የረገጠች ድመት መዳፏን ነው የምትልሰው። ወይራ ማጨሱ ለቤቱ ሽታ ጥሩ ነው፣ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ግን አይደርስበትም።

የጎረቤትሽን ምክር በተመለከተ ትንሽ ጠንከር ብዬ ልናገር። አይቨርሜክቲን መጥፎ መድሀኒት አይደለም፣ እኔም ለድመት እከክ እጠቀምበታለሁ። ግን የበጉ ጠርሙስ 1 ፐርሰንት ነው፣ 1 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 10 ሚሊግራም አለ፣ ለ50 ኪሎ በግ 1 ሚሊ ሊትር ነው የሚወጋው። ዳማ 4 ኪሎ ብትሆን የሷ ድርሻ ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አስረኛ እንኳን አይሞላም፣ በተራ ሲሪንጅ ዓይኑን ጨፍኖ የሚወጋ ሰው እጥፉን ወይ አምስት እጥፉን መስጠቱ አይቀርም፣ ግልገል ድመት ከሆነች ደግሞ ይብሳል። ያ ሁሉ ሆኖ ለቁንጫ ይሄ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። የበግ እከክ የሚነከርበት ዲያዚኖንማ ጭራሽ አይወራም። አንድ ጠዋት አንድ ልጅ ድመቱን በእናቱ ሻርፕ ጠቅልሎ አመጣልኝ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ አባቱ ለበጎቹ ካዘጋጁት ዲያዚኖን በተረፈው ቁንጫዋ ይርገፍ ብለው አጥበዋታል። ስትደርስ ለሀጯ ደረቷን አርሶታል፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል፣ ጡንቻዋ ከቆዳዋ ስር እንደሚፈላ ውሃ ይርገበገባል። አትሮፒን ሰጠኋት፣ አጠብኳት፣ ሌሊቱን አደረች፣ በማግስቱ ጠዋት ሞተች። አባትየው ክፉ ሰው አልነበሩም፣ በጎቻቸውን ያዳነው መድሀኒት ድመቷንም ያድናል ብለው ነው። ከዛ ወዲህ የበግ መድሀኒት ሊወስድ የመጣ ሰው ሁሉ ቤትህ ድመት አለች ወይ ሳልለው አይወጣም።

የልጅሽ ነገር። ቁርጭምጭሚት አካባቢ ሁለትም ሦስትም እየሆነ የሚወጣ ቀይና መሀሉ ነጥብ ያለው ከሆነ የቁንጫ ንክሻ ነው የሚመስለው፣ ይሄም ግምቴን ነው የሚያጠናክርልኝ፣ ቤቱ ሲፀዳ እሱም ይተዋል። ጭርት ከሆነ ግን ክብ ሆኖ ዳሩ ከፍ ብሎ የሚፈረፈር፣ መሀሉ የሚጠራ ነው፣ ባብዛኛውም ድመቷን ባቀፈበት ክንድ፣ አንገትና ፊት ላይ ነው የሚወጣው። እንዲህ ካየሽበት ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ቤት ድመት አለች በያቸው፣ ይሄን መናገር አትርሺ፣ ለምርመራቸው ይረዳቸዋል።

ጭርት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አማትሽ የፈሩት እሱን ነው፣ ፍርሀታቸውም ከመሬት የመጣ አይደለም። የድመት ጭርት ፈንገስ ነው፣ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ በተለይ ወደ ሕፃናትና አቅመ ደካማ አዛውንቶች። ግልገሎች ላይና ፀጉረ ረጅም ፐርሽያን ድመቶች ላይ ይበዛል፣ ብዙ ጊዜ ጆሮ፣ ፊትና መዳፍ ላይ ይጀምራል፣ ፀጉሩ ክብ እየሆነ ይረግፋል፣ ቆዳው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ እና ብዙም ላያሳክክ ይችላል። አንዳንዷ ድመት ደግሞ ምንም ሳይታይባት ተሸክማው ትዞራለች። ስለዚ በዓይን አይቶ ጭርት ነው ጭርት አይደለም ማለት ለኔም ይከብደኛል፣ ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ሆኖ ያላያትን ድመት ጭርት ነው ማለት ደግሞ ልክ አይደለም። ፀጉሯን ከዳር ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ማየት ወይም ፈንገሱን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ማየት ያስፈልጋል፣ ዉድስ ላምፕ የሚባለው ሐምራዊ መብራትም ይረዳል፣ የተለከፈው ፀጉር ሥሩ ላይ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፣ ባያበራ ግን ነፃ ናት ማለት አይደለም። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላብራቶሪ አለ፣ ሐኪምሽ ናሙናውን ወስዶ የት እንደሚታይ ይነግርሻል።

ጭርት ሆኖ ቢገኝ እንኳን ይድናል። ኢትራኮናዞል በኪሎዋ ተለክቶ አንድ ሳምንት እየተሰጠ አንድ ሳምንት እየታለፈ፣ ከሱ ጋር ማይኮናዞልና ክሎርሄክሲዲን ባለበት ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ መታጠብ፣ ሳምንታት ይወስዳል፣ መጨረሱም በምርመራ ነው የሚረጋገጠው። በዛ ጊዜ ለማፅዳት በሚመች አንድ ክፍል ትቀመጣለች፣ የፈንገሱ ዘር የወደቀ ፀጉር ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ዋናው ሥራ ፀጉሩን መጥረግና መልቀም ነው፣ ከዛ ወለሉ በሳሙና ታጥቦ በረኪና፣ 1 ሊትር ውሃ ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 10 ደቂቃ አርሶት ይቆይና በውሃ ይለቀለቃል። እሷ ላይ ግን በረኪና ጠብ እንዳይል። እና እባክሽ ጭርት መሆን አለመሆኑ ሳይታወቅ የማሳከክ ማስታገሻ ተብሎ ዴክሳሜታዞን እንዳይወጓት፣ ቤትኖቬትም እንዳትቀቢያት፣ ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፣ ማሳከኩ ለሳምንት ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን ይንሰራፋል። ጭርት አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ማሳከኩ ስቃይ ከሆነባት ለጥቂት ቀን ፕሬድኒሶሎን በአፍ መስጠት ተገቢ ነው፣ እኔም እሰጣለሁ። የማልስማማው በየወሩ እየሄዱ ረጅም የሚቆየውን የስቴሮይድ መርፌ ማስወጋት ላይ ነው፣ ድመትን ለስኳር በሽታ ያጋልጣታል።

ጆሮዋንም አንዴ እይልኝ። ውስጡ የቡና አተላ የመሰለ ደረቅ ጥቁር ነገር ከሞላና ራሷን የምታራግፍ ከሆነ የጆሮ እከክ ነው። ከጆሮዋ ጫፍ ጀምሮ ግንባሯና አንገቷ ላይ ወፍራም ግራጫ ቅርፊት እየሰራ የሚሄድ፣ እንቅልፍ የሚነሳት ማሳከክ ያለበት ደግሞ የራስ እከክ ነው፣ ሁለቱም በአይን በቀላሉ በማይታዩ ተባዮች ነው የሚመጡት፣ ሴላሜክቲን ለሁለቱም ይሰራል። ካንቺ ገለፃ ግን ይሄ አልመሰለኝም።

ቁንጫው በደንብ ታክሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አልፎ ለውጥ ከሌለ ያኔ ስለ ምግብ አለርጂ እናወራለን። የድመት የምግብ አለርጂ ብዙ ጊዜ ፊትና አንገት ላይ ነው የሚጠነክረው፣ የሚያስነሳውም በብዛት የበሬ ሥጋ፣ ዓሣና ዶሮ ነው። የደም ምርመራ አስተማማኝ አይደለም፣ የሚታወቀው በልታው የማታውቀውን አንድ አይነት ሥጋ ብቻ ለስምንት ሳምንት ሰጥቶ በማየት ነው፣ የፍየል ሥጋ ቀምሳ ካላወቀች ጥሩ ምርጫ ነው፣ ግን ሥጋ ብቻ ለረጅም ጊዜ ስለሚያጎድላት በሐኪም ክትትል ይሁን።

የአሁኑ ምግቧ ግን አለርጂ ኖረም አልኖረም መቀየር አለበት። እንጀራ በወጥ አልሽኝ። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሰራም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ቢበስልም ያው ነው፣ ትንሽ ትንሽ እየተጠራቀመ ደም ማነስ ያመጣባታል። በፆም ሽሮ ብቻ የምትበላ ድመትም አይቻለሁ፣ ፀጉሯ ጭራሮ ይሆናል፣ ፎረፎር ይሞላታል፣ በዛ ላይ ድመት ከሥጋ ውጪ የማታገኘው ታውሪን የሚባል ነገር ያስፈልጋታል፣ ሲጎድላት ዓይኗና ልቧ ነው የሚጎዳው። ሽንኩርትና በርበሬ ሳይነካው ለብቻው የተቀቀለ ሥጋ፣ ልብ፣ ሳንባ፣ እንቁላል፣ አጥንቱ የወጣ የሐይቅ ዓሣ ስጫት፣ ጉበት በሳምንት ትንሽ ይበቃል። አቅሙ ካለሽ ለድመት የተዘጋጀ ምግብ ቀላቅይበት። እንጀራው ሆዷን ቢሞላም ቆዳዋን አይሰራውም።

ጭንቀት ነው፣ ብቻዋን ስለሆነች ነው የሚልሽ ሰው አይጠፋም። በጭንቀት ራሷን የምትልስ ድመት አለች፣ ግን እንደሚወራው ብዙ አይደለችም፣ በጭንቀት ነው ተብለው ከመጡት የሚበዙት ሲመረመሩ የሚያሳክክ ነገር ይገኝባቸዋል። ይሄን የመጨረሻ አድርጊው። ክረምት ላይ ከሰል ማንደጃው ጋር ተለጥፋ የምትተኛ ከሆነ ግን ራቅ አድርጊያት፣ የጎኗ ፀጉር ጫፉ ተለብልቦ ቡናማ ሆኖ ቆዳ በሽታ ነው ተብሎ የመጣልኝ ድመት ከአንድም ሁለት ነው። ጥያቄሽን የሚያነብ ሌላ ሰው ነጭ ድመት ካለው ደግሞ፣ የጆሮዋ ጫፍ ወይ አፍንጫዋ ላይ የማይድን ቁስል ካየ ጊዜ አይስጠው፣ ፀሀይ የሚያመጣው የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ደሴ እንዲህ ከፍታ ላይ ሆና ፀሀዩ ቀላል አይደለም።

ለአማትሽ እንዲህ በያቸው፣ ድመቷ ብትጣል ቁንጫው አብሯት አይሄድም፣ አጎዛውና ወለሉ ውስጥ ያለው ተርቦ ልጁን ነው የሚነክሰው። ሦስት ወር ይታገሱን በያቸው፣ ነጩን ወረቀትም አሳያቸው፣ እኔ ከምናገረው ይልቅ ያቺ ቀይ ነጥብ ታሳምናቸዋለች። ፀጉሯ ወዲያው አይመለስም፣ መጀመሪያ አንገቷ ላይ ያለው ቅርፊት በሁለት ሦስት ሳምንት ይለሰልሳል፣ ሆዷ ለምለም እስኪል ሁለት ወርም ሊወስድ ይችላል። መድሀኒቱን ከመግዛትሽ በፊት ሚዛን ላይ ዳማን አቅፈሽ ውጪ፣ ከዛ ብቻሽን ውጪ፣ ልዩነቱ የሷ ኪሎ ነው፣ እሱን ፅፈሽ ያዢው።